ዳማከሴ፦ ከአጥር ሥር እስከ ቡና ሲኒ

ዳማከሴ ከሰው ወገብ እስከ ራስ በላይ የሚያድግ፣ ቅርንጫፉ የበዛ፣ ቅጠሉ ሲነካ ሽታው የሚናኝ ቁጥቋጦ ነው። ከበሶብላ ጋር የቅርብ ዘመድ ሲሆን ጦስኝም በሩቁ ይዛመደዋል። ሳይንሳዊ ስሙ ኦሲመም ላሚፎሊየም ነው። ሁለተኛው ቃል የተሰጠው ሳማ መስሎ የማይለበልበውን የላሚየምን ቅጠል ስለሚመስል ነው። በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ በሰፊው ይታወቃል፤ «ምች መታኝ» ባለ ሰው ቤት ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለገው እሱ ነው።

በቦንጋና በዙሪያዋ ባሉት የካፋ ዞን ወረዳዎች ዳማከሴ ለማግኘት ጫካ መግባት አያስፈልግም። ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ከዓመቱ በአብዛኛው ወራት ዝናብ የማይለያት ከተማ ናት። በጭቃ ከተመረገ ግድግዳ ጥግ፣ የጣሪያው ጠፈጠፍ በሚያርፍበት ርጥብ አፈር ላይ፣ ከአጥር ሥርና ከእንሰቱ ዳር ቁጥቋጦው ይደራል። አንዳንዱን ሰው ተክሎታል፤ አንዳንዱ ራሱ በቅሎ፣ ስለሚጠቅም ሳይነቀል የቀረ ነው።

ለመድኃኒት የሚፈለገው ቅጠሉ ብቻ መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው። ሥራቸው ተቆፍሮ ወይም ቅርፊታቸው ተልጦ የሚወሰድ የዱር ዕፀዋት በተፈለጉ ቁጥር ይመናመናሉ። ዳማከሴ ግን በተቀጠፈ ቁጥር ከጎንና ከጎኑ እያቆጠቆጠ ይሰፋል። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ የተመዘገበ፣ የዱር ቡና መገኛ የሆነ ሀብት ነው። እዚያ ደን ውስጥ የቆመን ዛፍ ሳይነኩ ከደጅ የሚገኝ መድኃኒት በጥንቃቄ ቢያዝ ይገባዋል።

ምች ሲባል

ምች በሕክምና መጻሕፍት አንድ ወጥ መልክ ያለው በሽታ አይደለም። በዚህ ስም የሚጠሩት ነገሮች ቢያንስ ሁለት ናቸው። አንደኛው ድንገት የሚመጣ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ቁርጥማት ነው። በሰፊው እንደሚታመነው የበላው ምግብ ሽታ ሳይለቀው፣ ወይም ላብ እንዳጠመቀው፣ ወይም ታጥቦ ሳይደርቅ ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው ምች ይመታዋል። ሁለተኛው ከንፈር ላይ ወይም አፍንጫ ሥር ውኃ ቋጥሮ የሚወጣው ቁስል ነው። ይህን የሚያመጣው ኸርፐስ የተባለ ቫይረስ ሲሆን፣ አንዴ ሰውነት ከገባ በኋላ ተደብቆ ይኖራል፤ ትኩሳት፣ ድካምና ኃይለኛ ፀሐይ ይቀሰቅሱታል። ፀሐይና ምችን ያያያዘው የሕዝቡ ትዝብት እንግዲህ በዚህ በኩል መሠረት አለው።

ይህ ልዩነት ለአጠቃቀሙ ወሳኝ ነው። የከንፈሩ ቁስል ዳማከሴ ተቀባም አልተቀባም በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይደርቃል። ትኩሳቱ ግን የብዙ በሽታዎች የመጀመሪያ መልክ ነው፤ ጉንፋንም፣ ወባም፣ ታይፎይድም፣ ማጅራት ገትርም በመጀመሪያው ቀን ምች ይመስላሉ። ዳማከሴ ትኩሳቱን ሊያስታግስ ይችል ይሆናል፤ የትኩሳቱን ስም ግን አይናገርም። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በሙሉ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

ተክሉን መለየት

የዳማከሴ ለጋ ግንድ በጣት ሲዳሰስ ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን ነው። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ። ሞላላ ናቸው፤ ጫፋቸው ይሾላል፤ ዳራቸው እንደ መጋዝ የተከረከረ ነው። ሲዳሰሱም በጥቃቅን ፀጉር የተሸፈኑ መሆናቸው ይታወቃል። አበቦቹ ትናንሽና ነጣ ያሉ ሆነው በቀጭን ዘንግ ላይ ደረጃ በደረጃ ይደረደራሉ።

ይሁን እንጂ ከአጥር ሥር ቅጠሉ የተከረከረ፣ ግንዱም አራት ማዕዘን የሆነ ሌላ ተክል ብዙ ስለሚኖር ዋናው ምስክር ሽታው ነው። አንድ ቅጠል በሁለት ጣት ሲፈተግ ወዲያው ኃይለኛ፣ ሰርሰር የሚያደርግ፣ ወደ በሶብላ የሚያደላ ሽታ ካልሰጠ ዳማከሴ አይደለም። የሚጠራጠር ሰው ተክሉን ለሚያውቁ እናት ወይም አባት ያሳይ፤ በግምት የተቀጠፈ ቅጠል ወደ አፍ አይገባም።

አቀጣጠፍ

ቁጥቋጦው ከቤት አጠገብ መሆኑ ምቹ የመሆኑን ያህል ጉዳትም አለው። ከአጥር ሥር ውሻ ይሸናል፤ እጣቢ ይደፋል፤ የመንገድ አቧራ ያርፍበታል። ስለዚህ የሚቀጠፈው ከመጸዳጃ ቤትና ከመኪና መንገድ ከራቀው ቁጥቋጦ፣ ከመሬትም ከጉልበት ከፍታ በላይ ካለው ቅርንጫፍ ነው። በአቅራቢያው የተባይ ወይም የአረም መድኃኒት የተረጨ ከሆነ ጭራሽ አይነካም።

የሚፈለገው ከጫፍ በኩል ያለው ለጋ ቅጠል ነው። ቢጫ የሆነ፣ ትል የበላው ወይም ነጠብጣብ የወጣበት ይተዋል። ለአንድ ሰው ለአንድ ጊዜ አንድ ጭብጥ ይበቃል። ቀንበጡ በጣት ተቀንጥሶ ይወሰዳል እንጂ ቅርንጫፉ ተጎትቶ አይላጥም፤ የተላጠ ቅርንጫፍ ቁስሉ ሳይጠግግ ይደርቃል።

አዘገጃጀት

ቅጠሉ በንጹሕ ውኃ ሁለት ጊዜ ይታጠብና ይራገፋል። የሚያዘጋጀውም ሰው እጁን በሳሙና ይታጠባል። ይህ እንደ ትርፍ ነገር ሊታይ አይገባም፤ ቅጠሉ ሳይበስል በጥሬው የሚጠጣ ስለሆነ ከእጅ የሚተርፈው ጀርም ሁሉ ከጭማቂው ጋር ይወርዳል። ተቅማጥ የጨመረበት ትኩሳታም ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ይደክማል።

ቀጥሎ ቅጠሉ በሁለት መዳፍ መካከል ይታሻል። በመጀመሪያ ሻከር ብሎ ይንሸራተታል፤ ጥቂት ቆይቶ ይለዝብና እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ከዚያ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ አረፋ ይታያል። ሽታው ቤቱን የሚሞላው በዚህ ጊዜ ነው። እጅ ሲጨበጥ ጥቁር አረንጓዴ ፈሳሽ በትንሿ ጣት በኩል ጠብ ጠብ ይላል። በሙቀጫ መውቀጥም ይቻላል፤ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ የሚወቀጥበት ሙቀጫ ግን አስቀድሞ በደንብ ካልታጠበ ጭማቂው ቆዳን ያቃጥላል። በንጹሕ ስስ ጨርቅ ማጥለሉ ገለባውን ያስቀርለታል።

ቅጠሉ ታሽቶ እንጂ ተቀቅሎ የማይዘጋጅበት ምክንያት አለው። ሽታውን የሚሰጠው ዘይት በቀላሉ የሚተን ነው፤ ድስት ሳይከደን ከተቀቀለ አብዛኛው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። የቻይናዋ ተመራማሪ ቱ ዩዩ ለወባ መድኃኒት ስትፈልግ የገጠማት ነገር እዚህ ላይ የሚያስተምረው አለ። የምትመረምረውን ተክል ቅጠል በሙቀት ስታወጣው ውጤቱ አልጸና አለ። ከ1,600 ዓመታት በፊት በተጻፈ የሕክምና መጽሐፍ ውስጥ ግን ቅጠሉ በውኃ ተነክሮ ይጨመቅ እንጂ ይቀቀል አልተባለም ነበር። ሙቀቱን ቀንሳ ስትሞክር ዛሬ ወባን የሚያክመው አርቴሚሲኒን ተገኘ፤ እሷም እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። የእናቶች አሠራር ውስጥ እውቀት እንደሚኖር ይህ ታሪክ ያሳያል። እዚያው ታሪክ ውስጥ ግን ሌላም ነገር አለ፦ ያ ቅጠል መድኃኒት የሆነው ንጥረ ነገሩ ተለይቶ፣ መጠኑ ተለክቶ፣ በሕሙማን ላይ ተፈትኖ ነው። ዳማከሴ እዚያ ደረጃ ላይ አልደረሰም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጥናት የዳማከሴ ቅጠል በውኃም በአልኮልም ተዘጋጅቶ ሲሰጥ የአይጦችን ትኩሳት ዝቅ እንዳደረገ አሳይቷል። ይህ ለባህላዊው አጠቃቀም ጥሩ ምስክር ነው፤ ለሰው ስንት ጠብታ እንደሚበቃ ግን አይናገርም።

የተጨመቀው ወዲያውኑ ጥቅም ላይ ይውላል። ያደረ ጭማቂ ይጠቁራል፣ ሽታው ይለወጣል፣ ይበላሻልም፤ በማግስቱ ካስፈለገ አዲስ ቅጠል ይቀጠፋል።

አጠቃቀም

በቡና መጠጣት። በቡና አገር ለመድኃኒቱ መውሰጃ ቡና መመረጡ አይገርምም። በብዛት የተለመደው አወሳሰድ ጥቂት ጠብታ በአንድ ሲኒ ቡና ላይ ማንጠባጠብ ነው። ሲኒው እስከ አፉ አይሞላም፤ ለጭማቂው ቦታ ይተውለታል። ቡናው ለመጠጣት እስኪያመች በረድ ካለ በኋላ ጠብታው ሲጨመር ላዩ ላይ አረንጓዴ ቀለም ይዘረጋና ሽታው ከቡናው ሽታ ጋር ተደባልቆ ይወጣል። ጣዕሙ መረር ይላል፤ በስኳርም ያለ ስኳርም ይጠጣል። ለአዋቂ በአንድ ጊዜ ከአንድ የሻይ ማንኪያ የበለጠ ጭማቂ መጨመር አይገባም፤ የተለካ መጠን የሌለው ነገር በትንሹ መወሰዱ ይሻላል። ጭማቂው ስለበዛ ፈውሱ ይፈጥናል ብሎ በብርጭቆ የሚጠጣ ሰው ሆዱን ከማሳመም በቀር ትርፍ የለውም። ቡና የማይስማማው በሻይ ወይም በሞቀ ውኃ ይወስዳል።

ማሽተት። የታሸው ቅጠል በስስ ጨርቅ ተቋጥሮ አፍንጫ አጠገብ ይያዛል። አፍንጫ ለታፈነበትና ራሱን ለሚያመው ይህ ቀላሉና ጉዳት የሌለው መንገድ ነው። ጭማቂውን አፍንጫ ውስጥ ማንጠባጠብ በየቦታው ቢለመድም መቅረት አለበት፤ ትን ሊል ይችላል፣ ያልተጣራ ጭማቂም የአፍንጫን ውስጥ ያቆስላል። ዓይን ውስጥ መጨመርም እንዲሁ አይገባም፤ የዓይን ሕመም ሕክምና ቤት የሚታይ ነው።

መቀባት። ጭማቂው ግንባር፣ ጆሮ ግንድ፣ አንገትና ደረት ላይ ይቀባል። አስቀድሞ ክንድ ላይ በትንሹ ተቀብቶ ሩብ ሰዓት ይጠበቃል፤ ቢያሳክክ ወይም ቢቀላ ታጥቦ ይተዋል። ለከንፈር ቁስል ጭማቂው በንጹሕ ጥጥ ነካ ነካ ይደረጋል። ቁስሉ እንዳይፈነዳ፣ በእጅም ተነክቶ ዓይን እንዳይነካ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ቫይረሱ በእጅ ይተላለፋል። ቁስሉ ያለበት ሰው ሕፃን አይስምም፤ ለጨቅላ ይህ ቫይረስ ሕይወት ሊያጠፋ የሚችል ነው።

መታጠን። ቅጠሉ በፈላ ውኃ ላይ ተጨምሮ ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ እንፋሎቱ ይሳባል። ድስቱ የሚቀመጠው በማይንገዳገድ ቦታ ነው። ልጆች አጠገቡ አይደርሱም፤ ለሕፃን ይህ መንገድ ጭራሽ አይሞከርም።

ከጠጣና ከተቀባ በኋላ በሽተኛውን በጋቢ ጠቅልሎ እንዲያልበው ማድረግ የቆየ ልማድ ነው። ለአዋቂ ሰው ብርድ ብርድ በሚለው ጊዜ ጋቢ መደረቡ ክፋት የለውም፤ ያላበው ሰው ግን ውኃ በብዛት መጠጣት አለበት። ትኩሳት ያለበትን ልጅ በጋቢ ላይ ጋቢ መጠቅለል ግን አደጋ ነው፤ የሰውነቱ ሙቀት መውጫ አጥቶ ይብሱን ይጨምራል። ልጁ በስስ ልብስ ሆኖ፣ ፈሳሽ እየተሰጠው ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል።

ዳማከሴ የማይሰጠው

ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ከእናት ጡትና ሐኪም ካዘዘው መድኃኒት በቀር ምንም አይሰጠውም፤ ዳማከሴም ቢሆን። ለትልልቅ ልጆችም መቀባትና ማሽተት ይበቃል። ነፍሰ ጡር ሴት ጭማቂውን አትጠጣም። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብ ወይም ሌላ የዘወትር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከመጠጣቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ዳማከሴ የጠጣ ሰው ሕክምና ሲሄድ መጠጣቱን መደበቅ የለበትም፤ ሐኪሙ ቢያውቀው ይረዳዋል እንጂ አይቆጣውም።

ወባና ምች

የካፋ ዞን መልክዓ ምድር ከአዲዮና ከጌሻ ደጋዎች ተነሥቶ በዴቻ በኩል ወደ ኦሞ ቆላ ይወርዳል። በሰሜን ከጅማ ወደ ቦንጋ ሲመጣ መንገዱ የሚያቋርጠው የጎጀብ ሸለቆም ሞቃት ነው። በኢትዮጵያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ያለ አካባቢ በአብዛኛው ወባማ ይባላል፤ ቦንጋ ራሷም ከዚያ በታች ናት። ለሥራ ወይም ለገበያ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ሲጀምረው «የቆላ ፀሐይ መታኝ» ይላል፤ ቤተሰቡም ዳማከሴ ይቀጥፍለታል። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የወባ ትኩሳት ብዙ ጊዜ ሰዓት እየጠበቀ የሚነሣና የሚወርድ ነው። በሽተኛውን ያንቀጠቅጠዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ከዚያ በላብ ይጠመቅና ቀለል ይለዋል። ዳማከሴው ማታ ተጠጥቶ ሌሊት ላቡ ከወረደ፣ ጠዋት ትኩሳቱ ሲጠፋ ምስጋናው ለዳማከሴው ይሆናል። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲመለስ «ምቹ አገረሸ» ተብሎ እንደገና ይቀጠፋል። በዚህ መካከል ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ደም እያጠፋ ወደ አንጎል ሊደርስ ይችላል። በልጅና በነፍሰ ጡር ላይ ፍጥነቱ ያስፈራል። የሄደ የመሰለ ትኩሳት ከማይሄድ ትኩሳት ይልቅ ያዘናጋል፤ ብዙ ሰው የሚጎዳውም በዚህ መዘናጋት ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሆናል። ትኩሳት ያለበት ሰው ዳማከሴውን በመጀመሪያው ቀን ቢወስድ አይከለከልም፤ ግን ትኩሳቱ በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቀለውም እንኳ፣ የወባ ምርመራ ያድርግ። ምርመራው ሩቅ አይደለም፤ በቀበሌ ጤና ኬላ ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ያውቁታል። ወባ ከተገኘ የሚሰጠው መድኃኒት እስከ መጨረሻው ይዋጣል፤ በሁለተኛው ቀን ስለተሻለ አይቋረጥም።

አንዳንዱ ምልክት ደግሞ የአንድ ቀን ጊዜም አይሰጥም። አንገት መገተር፣ ራስን ስቶ መንቀጥቀጥ ወይም መዘባረቅ፣ የጠጡትን ሁሉ ማስመለስ፣ ትንፋሽ መፍጠን፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር፣ ልጅ ጡት አልቀበል ማለቱ ወይም መዝለፍለፉ ከታየ ቅጠል መቀጠፉ ቀርቶ በሽተኛው በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። ዳማከሴ እስኪታሽ የሚባክነው ሩብ ሰዓትም ቢሆን በዚያን ጊዜ ዋጋ አለው።

ማብቀልና ማቆየት

በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው በቆርቆሮ ወይም በባልዲ አፈር ሞልቶ ሊተክለው ይችላል፤ አጥር ያለው ደግሞ ጥግ አያጣም። ከጤነኛ ቁጥቋጦ የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ አጠር ያለ ቅርንጫፍ ይቆረጣል። የታችኛው ቅጠል ይራገፍና ሁለት አንጓ አፈር ውስጥ እስኪገባ ይቀበራል። ክረምት ሲገባ የተተከለ ውኃ ሳይፈልግ ይይዛል፤ በበጋ የተተከለ ሥር እስኪሰድ ጥላና ውኃ ያስፈልገዋል። ቁጥቋጦው ካረጀና ግንዱ ከጠነከረ ከጉልበት በታች ሲቆረጥ በለጋ ቅጠል ይታደሳል።

ደርቆ መቀመጥም ይችላል። ታጥቦ፣ ውኃው ጠፍፎ፣ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ውስጥ ተበትኖ ይደርቃል፤ ፀሐይ ላይ ከሰጡት ሽታውን ይጥላል። የደረቀው ለመታጠን ይሆናል፤ ለቡና ግን እርጥቡን የሚተካ የለም። በካፋ ዝናብ ውስጥ እርጥብ ቅጠል የማይገኝበት ወር ጥቂት ስለሆነ ማድረቁ እምብዛም አያስፈልግም።

ቅጠሉ ከሁሉ ይበልጥ የሚለመልመው ክረምቱ ወጣ ሲል፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። ወባም በኢትዮጵያ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። በእነዚህ ወራት ለትኩሳት ብሎ ከአጥር ሥር ዳማከሴ የቀጠፈ ሰው በዚያው ቀን ጤና ኬላም ይሂድ።